የኦነርስ ፕሮግራሙ ጥሪ ደርሶኛል፤ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የአንደኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በመጀመሪያው ሴሚስተር በ15 ክሬዲት 3.7 ስላመጣሁ ከፍተኛ ውጤት ላላቸው ተማሪዎች ወደተዘጋጀው ኦነርስ ፕሮግራም እንድገባ ተጠርቻለሁ። ተማሪ በማይበዛበት ክፍል መማር፣ ከሌላው ቀድሞ ለኮርስ መመዝገብና ለምርምር ገንዘብ መጠየቅ እንደምችል ደብዳቤው ይገልጻል። በምላሹ ጂፒኤዬ ከ3.5 እንዳይወርድ፣ 24 የኦነርስ ክሬዲት እንዳሟላና የመመረቂያ ጥናት እንድሠራ ይጠበቅብኛል። ቤተሰቤ «እንዲህ ያለ ዕድል አያምልጥሽ» ይሉኛል። እኔ ግን የምማረው በስኮላርሺፕ ስለሆነ ግሬዴ ቢወርድ ሁለቱንም እንዳላጣ እፈራለሁ። ካልጨረስኩትስ ልፋቴ ከንቱ ይቀራል? ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት ተማሪ

ውድ እህታችን፣

ግቢ እንልሻለን። ከመፈረምሽ በፊት ግን ለፕሮግራሙ ቢሮ ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቢ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። ጂፒኤዬ ከ3.5 ቢወርድ ማስተካከያ ጊዜ ይሰጠኛል ወይስ ወዲያው እሰናበታለሁ? ስኮላርሺፔ ከፕሮግራሙ ጋር የተያያዘ ነው ወይስ የራሱ መስፈርት አለው? በፈቃዴ ብወጣ የወሰድኳቸው ኮርሶች ለዲግሪዬ ይቆጠራሉ? ለመጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አዎ ነው፤ የሚቀርብሽ በትራንስክሪፕትሽ ላይ የሚሰፍረው የኦነርስ ማዕረግ ብቻ ነው።

ስለ ግሬዱ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሚቀጥለው ሴሚስተር በ15 ክሬዲት 3.2 ብታመጪ ድምር ጂፒኤሽ 3.45 ይሆናል፤ ከመስመሩ ወረድሽ ማለት ነው። ግን በሦስተኛው ሴሚስተር 3.6 ካመጣሽ 3.5 ላይ ትመለሻለሽ። 60 ክሬዲት ጨርሰሽ 3.3 ላይ ከሆንሽ ግን በአንድ ሴሚስተር 15 ክሬዲት ለመመለስ 4.3 ያስፈልግሻል፤ ይህ ደግሞ ከ4.0 በላይ ስለሆነ አይቻልም። ስለዚህ መጠንቀቅ ያለብሽ አሁን፣ ክሬዲቱ ገና ትንሽ ሳለ ነው።

ግሬድ የሚወርደው ብዙ ጊዜ በሥራው ዓይነት ነው። ሴሚናር፣ ማለትም በትንሽ ክፍል በውይይት የሚሰጥ የኦነርስ ኮርስ፣ በየሳምንቱ ንባብ፣ በክፍል ውይይትና በተደጋጋሚ በሚታረም ጽሑፍ ይመዘናል፤ ለፈተና በማጥናት ጎበዝ የሆነ ተማሪ እዚህ ላይ ይደናገጣል። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በምትወስጂበት ሴሚስተር ሁለት ሴሚናር አትደርቢ። የመመረቂያ ጥናቱ 6 ክሬዲት ከተቆጠረልሽ የሚቀርሽ 18፣ ማለትም ባለ 3 ክሬዲት ስድስት ኮርስ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሴሚስተሮች ለጥናቱ ብትተዪ አምስት ሴሚስተር ይቀርሻል፤ በየሴሚስተሩ አንድ ወስደሽ ስድስተኛውን በስምምነት መሸፈን ትችያለሽ። ስምምነት ማለት መደበኛውን ኮርስ ከመምህሩ ጋር ተነጋግሮ፣ ተጨማሪ ሥራ ጨምሮ፣ እንደ ኦነርስ ማስቆጠር ነው። ቅጹ በአብዛኛው ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ መፈረም አለበት፤ ቀኑ ካለፈ ሥራውን ብትሠሪውም አይቆጠርልሽም። በቅጹ ላይም «ረዘም ያለ ጽሑፍ» ብለሽ ብቻ አትጻፊ። ምን እንደምታስረክቢና መቼ እንደሆነ በግልጽ ይስፈር።

ብዙዎች የሚያቋርጡት የመመረቂያ ጥናቱ ላይ ሲደርሱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አማካሪ መፈለግ የሚጀምሩት በአራተኛ ዓመት ነው። አንቺ በሁለተኛ ዓመት ማብቂያ የሁለት ሦስት መምህራንን የምርምር ጽሑፍ አንብቢና አጭር ኢሜይል ጻፊ፦ «ስለ ተክሎች ድርቅ መቋቋም ያሳተሙትን አንብቤያለሁ። ሙከራው በችግኝ ላይ ብቻ ለምን እንደተሠራ መረዳት እፈልጋለሁ። በሳምንት 6 ሰዓት በላብራቶሪዎ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።» «ምርምር እወዳለሁ» ከሚል ደብዳቤ ይህ የተሻለ መልስ ያገኛል። በሦስተኛ ዓመት ላብራቶሪ ገብተሽ፣ ዓመቱ ከማለቁ በፊት ፕሮፖዛልሽን አስጸድቂ። በባዮሎጂ ናሙና ይበከላል፣ ችግኝ ይደርቃል፣ ሙከራ ይደገማል፤ ስለዚህ ቀድሞ በተሰበሰበ ዳታ የሚሠራ መጠባበቂያ ጥያቄ ከአማካሪሽ ጋር አዘጋጂ። ጥናትሽ ሰዎችን የሚያካትት ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳታገኚ አንድም መጠይቅ አትበትኚ፤ ከፈቃድ በፊት የተሰበሰበ ዳታ ውድቅ ሊሆንብሽ ይችላል።

ከጥቅሞቹ ሁሉ ብልጫ የምንሰጠው መምህራን በቅርብ የሚያውቁሽ መሆኑን ነው። 15 ተማሪ ባለበት ክፍል ያስተማረሽ መምህር ለማስተርስ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍልሽ የሚጠቅሰው ነገር ይኖረዋል። ቀድሞ የመመዝገብ መብትሽን ደግሞ ቶሎ ለሚሞሉት የላብራቶሪ ኮርሶች ተጠቀሚበት። የምርምር ገንዘቡ ዝርዝር በጀትና የአማካሪ ፊርማ ስለሚጠይቅ ሥራው ከመጀመሩ አንድ ሴሚስተር አስቀድመሽ አመልክቺ።

የቤተሰብሽ ደስታ የሚከበር ነው፤ ሳምንቱን በሙሉ የምታነቢው ግን አንቺ ነሽ። ሁለተኛ ዓመትን ስትጨርሺ የሚስብሽ የምርምር ጥያቄ ካላገኘሽ፣ መውጣት አያሳፍርም። ስትወጪም ዝም ብለሽ አትቅሪ፤ ለቢሮው በጽሑፍ አሳውቂ፣ ስምሽ ከፕሮግራሙ መዝገብ መነሣቱንም ከሬጅስትራር አረጋግጪ።