32 ካራክተር ስለሆነ ብቻ ሃሽ ነው አትበል

ወንድሜ፣ በተረከብከው ዳታቤዝ ውስጥ ፓስወርዱ ሁሉ 32 ካራክተር ስለሆነ «ኤምዲ5 ሃሽ ነው ብዬ ልለፈው?» ብለህ ጠይቀሃል። አትለፈው። ሃሽ ማለት ፓስወርዱን ተመልሶ ወደማይፈታ ጽሑፍ የሚቀይር ስሌት ነው፤ ኤምዲ5 አንዱ ያረጀ ዓይነት ነው። እኔ እንደዚያ ብዬ ተሳስቻለሁ።

ገላን አካባቢ የአንድ አነስተኛ የቁጠባ ማኅበር ሲስተም ተረክቤ ነበር። የፓስወርዱ ኮለም ሁሉም 32 ነው። «ያረጀ ቢሆንም ሃሽ ነው» ብዬ ተውኩት። ከሳምንታት በኋላ የሒሳብ ሠራተኛዋ ረጅም ፓስወርድ አወጡ። የሳቸው መስመር 64 ሆነ። ያኔ ደነገጥኩ። ኤምዲ5 አንድ ፊደል ብትሰጠውም ሙሉ መጽሐፍ ብትሰጠውም ውጤቱ ያው 32 ነው። ኤኢኤስ የሚባለው ኢንክሪፕሽን (ቁልፉ ያለው ሰው መልሶ የሚፈታው መቆለፊያ) ግን 16 ባይት በ16 ባይት እየቆረጠ ነው የሚሠራው። 16 ባይት በሄክሳዴሲማል (እያንዳንዱ ባይት በሁለት ካራክተር) ሲጻፍ ደግሞ 32 ካራክተር ይሆናል። የኛው ፓስወርድ በኤኢኤስ የተቆለፈ ስለነበር እስከ 15 የእንግሊዝኛ ፊደል ድረስ ከኤምዲ5 በዓይን አይለይም ነበር። 16 ሲሞላ መሙያ ስለሚጨመርበት ሁለተኛ ቁራጭ ይከፈትና ወደ 64 ይዘላል።

ቁልፉን ስፈልግ እዚያው ኮንፊግ (የሲስተሙ ማስተካከያ) ፋይል ውስጥ በግልጽ ተጽፎ አገኘሁት። ፎልደሩ እጁ የገባ ሰው የአባላቱን ፓስወርድ በሙሉ ማንበብ ይችላል ማለት ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ያንኑ ፓስወርድ ለኢሜይሉም ይጠቀምበታል።

አንተ በዳታቤዙ ኮፒ ላይ ሁለት የሙከራ አካውንት ክፈት፤ አንዱን በ5 ፊደል፣ ሌላውን በ20። ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ርዝመት ከተለያየ ሃሽ አይደለም። እኩል ከሆነም ኮዱን እይ። ሰው ሎግኢን ሲያደርግ የተቀመጠውን ይፈታል ወይስ አሁን የተጻፈውን ፈጭቶ ያነጻጽራል? ሃሽ ወፍጮ ነው፤ ዱቄቱ ተመልሶ ጤፍ አይሆንም። «ፓስወርድ ረሳሁ» ሲባል የድሮውን ራሱን የሚልክልህ ከሆነ ግን ምርመራም አያስፈልገውም፤ ሃሽ አይደለም። በዶላር ምልክትና በ2 የሚጀምር 60 ካራክተር ካየህ ቢክሪፕት (ለፓስወርድ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ሃሽ) ነውና ተመስገን በል።

ሁለት ሰዎች ፍጹም አንድ ዓይነት ውጤት ካላቸው፣ ሃሽም ሆነ ኢንክሪፕት፣ አደጋ ነው። የሶፍትዌር ኩባንያው አዶቤ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሲጠለፍ ፓስወርዶቹ ኢንክሪፕት የተደረጉ ነበሩ። ተመሳሳይ ፓስወርድ ተመሳሳይ ውጤት ስለሰጠ፣ ቁልፉ ሳይገኝ እንኳ ሰዎች ከጻፏቸው የማስታወሻ ፍንጮች ብዙዎቹ ተገመቱ።

ኢንክሪፕት ሆኖ ካገኘኸው ሥራው ይቀላል። የሁሉንም በስክሪፕት ፈትተህ በአንድ ጊዜ ወደ ቢክሪፕት ታዛውራለህ። ኤምዲ5 ቢሆን ግን ዋናው ፓስወርድ እጅህ የሚገባው ባለቤቱ ሎግኢን ሲያደርግ ብቻ ነው። ኢንክሪፕት የነበረውን አዛውረህ ስትጨርስ ቁልፉን አጥፋ። የድሮ ባክአፖችንም ፈልግ፤ የኛ አንዱ ፍላሽ ላይ ሆኖ የቢሮው መሳቢያ ውስጥ ነው የተገኘው።