ጎተራ ውስጥ 25 ዓመት የቆመች ቮልስ፣ በትራክተር ጎትቼ ላስነሳት ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ወንድማችን ከአያቱ የድሮ ጎተራ ውስጥ ጭድ ስር ቮልስ አገኘ፣ ያቺን ኤሊ የምትመስለውን ቢትል ማለቴ ነው፣ ከቆመች 25 ዓመት ገደማ ሆኗታል። አዲስ ባትሪ አስሮ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ሲሞክር አንዴ ጠቅ አለና ዝም፣ ሞተሩን በቡሎን መፍቻ ቁልፍ ሊያዞረው ሲልም ንቅንቅ አልል አለው። ጎረቤቱ ደግሞ በትራክተር ጎትተን፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ትነሳለች አለው። እሱም ልሞክር ወይ፣ ከዛስ አጥቤ ቀለም ላስቀባት ወይ ይላል።

ወንድሜ በፍጹም እንዳትሞክረው። የፒስተኖቹ ፋሻዎች (ፒስተኑን የከበቡት ቀለበቶች) ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተያይዘው ይሆናል፣ ትራክተር ደግሞ ጉልበቱን አያውቅም፣ ዝገቱ እሺ ካላለ የሚሰበረው ፋሻው ነው ወይ የሚጣመመው ቤላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ነው። አሁን በትግስት የሚድነውን ሞተር በአንድ ደቂቃ ቆርቆሮ ታረገዋለህ።

መጀመሪያ ባትሪውን ፍታ። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ስር ነው አይደል፣ የመቀመጫው ሽቦ ከባትሪው ጫፍ ጋር ከተነካካ እሳት ይነሳል፣ ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። እግረ መንገድህን ከባትሪው ስር ያለውን ወለል በጠመንጃ መፍቻ ጫን ጫን እያረግክ እየው፣ አሲድ ስለሚፈስበት ቀድሞ የሚበሰብሰው እሱ ጋ ነው። መኪናዋ 6 ቮልት ትሁን 12 ቮልትም አረጋግጥ፣ የድሮዎቹ 6 ናቸው።

አሁን ወደ ሞተሩ። አራቱንም ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪዎቹን) ፍታና የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ጻፍበት። ከዛ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅል (ቶሎ ስለሚለያይ ሁሌ እየነቀነቅክ፣ እሳትና ሲጋራ ደግሞ ከአጠገብህ ይራቅ)። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የቮልስ ሲሊንደሮች ተጋድመው ነው ያሉት፣ ዝም ብለህ ካፈሰስክበት ፈሳሹ ከታች ተኝቶ ይቀራል፣ የላይኛው ግድግዳ ደረቅ እንደሆነ ነው። ስለዚ ቀጭን ቱቦ ባለው መርጫ አስገብተህ አፉን ወደ ላይ አዙረህ ርጭ፣ ጠዋት አንዴ ማታ አንዴ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት። ከዛ ማርሹን ነፃ አርገህ ክራንኩ ፑሌጃ (ቺንጋው፣ ማለትም ቀበቶው የሚዞርበት የታችኛው ጎማ መሳይ ብረት) ላይ ያለውን ትልቁን ቡሎን በ30 ሚሊሜትር ቁልፍ በቀስታ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያልክ ሞክረው። በዲናሞው ዳዶ ማዞርም ይቻላል ግን አሮጌ ቺንጋ ይንሸራተትብሃል። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ አትጨምር። እምቢ ካለ ተጨማሪ ሳምንት ስጠው፣ እኔ ሶስተኛው ሳምንት ላይ የለቀቀ ሞተር አይቻለሁ።

ሲዞር ወዲያው ለማስነሳት እንዳትቸኩል። የፋን ሽፋኑን አንሳ። ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ጎተራ ውስጥ ደግሞ ለአይጥ ከዛ ሽፋን ስር የተሻለ ቤት የለም። አንድ ጊዜ እኔ ሳልከፍት አስነስቼ ነበር፣ ድምጿ እንዴት ደስ ይል ነበር መሰለህ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የተቃጠለ ጸጉር ሸተተኝና አጠፋኋት። ስከፍተው ከመቀመጫው የተነጨ ጸጉር መሳይ ጭረት እንደ ሳህን ክብ ተደርጎ ተሰርቶ፣ መሀሉ ላይ የበቆሎ ፍሬ ተቀምጦበት፣ ሶስተኛው ሲሊንደር ላይ ድፍን ብሎ ተኝቷል። ሶስተኛው ድሮውንም በደምብ የማይቀዘቅዘው ነው፣ ከላዩ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚጋርድበት፣ እና ያን ሲሊንደርና ፒስተን ቀይሬ ነው የጨረስኩት። ስታጸዳ የአይጥ ቆሻሻ በደረቁ አትጥረግ፣ አቧራው በሽታ አለው፣ በረኪና ያለው ውሃ ርጭበት፣ ማስክና ጓንት አድርግ፣ ከዛ በጨርቅ አንሳው።

ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይር፣ የረጨኸው ነገር እዛ ወርዷል። 2.5 ሊትር ነው የሚይዘው፣ ፊልትሮ የለውም፣ ከስር ያለውን የሽቦ ወንፊት አውጥተህ እጠብ። የቫልቭ ክፍተቱን በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊሜትር አርገው፣ በእጅህ እያዞርክ ሁሉም ቫልቭ ተከፍቶ መመለሱንም እይ፣ አንዱ ደርቆ አልመለስ ካለ አስገድደህ አታዙር። ከዛ ካንዴላ ሳታስገባ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ አሽከርክር።

ቤንዚኑ ላይ እባክህን ልብ በል። ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ከፊት ነው፣ መስመሩ በመኪናዋ መሀል አልፎ ከኋላ ሞተሩ ጋ ይደርሳል፣ ጫፎቹ ላይ ያሉት የላስቲክ ቱቦዎች በዚህን ያህል ዘመን ተሰነጣጥቀዋል፣ ሁሉንም ቀይር። የጋለ ሞተር ላይ ከተንጠባጠበ መኪናዋ ተቃጥላ ትሄዳለች፣ ብሎኩ (የሞተሩ አካል) ማግኒዚየም ያለው ነው፣ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ስትደፋበት ይብሳል። የድሮውን ቤንዚን አትጠቀም፣ ለመጀመሪያ ቀን ከትንሽ ጀሪካን ንጹህ ቤንዚን ስጠው፣ እሳት ማጥፊያም አጠገብህ ይሁን።

ብትነሳም ከግቢ እንዳትወጣ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል፣ ስለዚ የፍሬኑ ሲሊንደሮች ከውስጥ ዝገዋል፣ ጎሚኒዎቹም (ውስጣቸው ያሉት ላስቲኮች) ደርቀዋል። በድሮዎቹ ቮልሶች አራቱም ጎማ በአንድ መስመር ነው ፍሬን የሚይዘው፣ አንዱ ጋ ካፈሰሰ ምንም ፍሬን የለህም። ታምቡሮቹን (ጎማው ጋ ያሉትን የፍሬን ከበሮዎች) ክፈት፣ የፍሬን ሲሊንደርና ተጣጣፊ ቱቦ በሙሉ ቀይር። ጎማውም ደህና ቢመስልህ አትመነው፣ 25 ዓመት የቆመ ጎማ ነው።

ስለ ማጠቡና ቀለሙ፣ ተው አትቸኩል። መጀመሪያ እንዳለች ከነጭዷ በየአቅጣጫው ፎቶ አንሳት፣ ሰነድ፣ የድሮ ደረሰኝ፣ የፋብሪካ ቀለሟ የሚታይበትን ቦታ ሁሉ። ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ እንዳንተዋ ለብዙ ዓመት ተረስተው የተገኙት የባዮን ቤተሰብ መኪናዎች 2015 ላይ ፓሪስ ለጨረታ ሲቀርቡ ከነአቧራቸው ነው የቀረቡት፣ መጽሄት ተከምሮበት የነበረው ፌራሪ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጧል። ያንተዋ ፌራሪ አይደለችም፣ ግን አያትህ የነዷት ያ ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

ከሳምንት በኋላ ዞረም አልዞረም ጻፍልኝ፣ የአራቱን ካንዴላ ፎቶ በቅርብ አንስተህ ላክ፣ የትኛው ሲሊንደር ውሃ እንደገባበት ዝገቱን አይቼ እነግርሃለሁ።