ጥያቄና መልስ፦ «ኦፕን» ትእዛዝ ነው ወይስ ሁኔታ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ለቡና አምራቾች ማኅበር የሚያገለግል ነፃ የሒሳብ ሶፍትዌር ወደ አማርኛ እየተረጎምሁ ነው። «ኦፕን» የሚለው ቃል ብቻውን መጣብኝ፤ «ክፈት» ልበለው ወይስ «ክፍት»?
አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ እባክዎ በግምት አይወስኑ። ቃሉ በአዝራር ላይ ከሆነ ትእዛዝ ነው፤ በደረሰኞች ዝርዝር ውስጥ ከሆነ ግን ሒሳቡ ገና አለመዘጋቱን ያመለክታል፤ በእኔ እምነት በዚህ ቦታ «ያልተከፈለ» የሚለው ለገንዘብ ያዡ ከ«ክፍት» ይልቅ ግልጽ ነው። ፋይልዎ የጌትቴክስት (የሶፍትዌር ጽሑፎችን ለመተርጎም የሚያገለግል መሣሪያ) ከሆነ፣ ከሐረጉ በላይ በ«#:» የሚጀምረው መስመር ቃሉ የተወሰደበትን የኮድ ፋይልና አብዛኛውን ጊዜ የመስመሩን ቁጥር ስለሚያሳይ፣ በቅድሚያ እሱን ይመልከቱ።

ዋናው ችግር የሚመጣው መስመሩ ሁለት ቦታዎችን ሲጠቁም ነው። ጌትቴክስት ፊደላቸው አንድ የሆነና የዐውድ ምልክት የሌላቸውን ሐረጎች ወደ አንድ ግቤት ስለሚያዋህድ፣ የትኛውንም አማርኛ ቢመርጡ አንደኛው ቦታ ላይ ስሕተት ይሆናል፤ ይህንን ሊያስተካክል የሚችለው ለእያንዳንዱ አጠቃቀም የተለየ ዐውድ የሚጨምረው የፕሮግራሙ ጸሐፊ ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ገጾች ምስል አያይዘው፣ በአማርኛ ለምን ሁለት ቃላት እንደሚያስፈልጉ አስረድተው ይጻፉለት። መልስ እስኪያገኙ ግቤቱን «ፈዚ» (ገና ያልተረጋገጠ ማለት ነው) ብለው ምልክት ያድርጉበት፤ እንዲህ የተደረገበት ትርጉም በተለመደው አሠራር ስለማይካተት እንግሊዝኛው እንዳለ ይታያል፤ የአርሶ አደሩ ገንዘብ በሚመዘገብበት ገጽ ላይ ደግሞ ይህ ከተሳሳተ አማርኛ በእጅጉ ይሻላል።