ሰብአዊ ሮቦት ወይስ ሰው መሰል ሮቦት?

ጥያቄ፦ «ሰብአዊ ሮቦቶች አረጋውያንን እየረዱ ነው» የሚል ዜና አነበብኩ። «ሰብአዊ» ማለቱ ልክ ነው? ሶፊያ የምትባለውስ ሮቦት «መጣች» ነው የሚባለው «መጣ»?

መልስ፦ ልክ አይደለም። ይህ ቃል ያለቦታው ሲገባ ሁሌም ያንገበግበኛል።

«ሰብአዊ» የወጣው ከግእዙ «ሰብእ» ነው። «-አዊ» የሚለው ቅጥያ ወገንንና ባሕርይን እንጂ መምሰልን አይናገርም። ኢትዮጵያዊ ማለት ኢትዮጵያዊ የሚመስል ሰው አይደለም። «ታዲያ ሰማያዊ ቀለም ሰማይ የሚመስል አይደለም ወይ?» ብለው የሚሞግቱኝ አሉ። እውነት ነው፤ ጠንካራ ማስረጃ ነው። እኔ ግን የቀለም ስም ለብቻው ይታይ ባይ ነኝ። ጆሮዬም አይቀበለውም።

ደግሞ አማርኛው «ሰብአዊ»ን ወደ ርኅራኄ ወስዶታል። ሰብአዊ እርዳታ እንላለን፤ ጨካኙን ሰብአዊነት የጎደለው እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ2014 ጃፓን ውስጥ ይፋ የሆነውን ፔፐር የተባለ ሮቦት እንይ። ቁመቱ 1.2 ሜትር ገደማ ነው። እግር የለውም፤ የሚሄደው በጎማ ነው። በአረጋውያን መኖሪያዎች ፊታቸው ቆሞ እጁን እያነሣ ስፖርት ያሠራቸዋል፣ ያጫውታቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ቢወድቅ ግን ደግፎ ማንሣት አይችልም። እገዛው መልካም ነው። «ሰብአዊ» ካልነው ግን አንባቢው አንጀቱ የሚራራ ነገር ይመስለዋል። «ሰው መሰል» በሉት።

ሥሩን ካነሣን አይቀር፣ «ሮቦት»ን እ.ኤ.አ. በ1920 በቴአትሩ ያስተዋወቀው የቼክ አገሩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ ነው። ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። በቼክ ቋንቋ «ሮቦታ» ገባር ለጌታው በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው። እኛም ዘንድ ሁዳድ ነበር፤ ገባሩ የራሱን ማሳ ትቶ ወጥቶ የሚያርሰው የመንግሥት መሬት። ሮቦት በአማርኛ ስም ይውጣለት ቢባል «ሁዳድ አራሽ» ባልኩት ነበር።

ሶፊያን በተመለከተ «መጣች» በሉ። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ ሁሉም ያለው ይህንኑ ነው። ስሟም መልኳም የሴት ነው። ጨረቃንስ «ወጣች» እንል የለ?

ለእኔ ቢተው «ሰው መሰል መኪና» እመርጣለሁ። የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና ስንል ኖረናል። ዛሬ ግን መኪና ሲባል ሁሉም የሚያስበው አስፋልት ላይ የሚነዳውን ነው። «ሮቦት»ንም ሕፃን ሳይቀር ለምዶታል። ቅር እያለኝም ቢሆን «ሰው መሰል ሮቦት» ብዬ እጽፋለሁ።