በ10 ሰዓት ምን ቁርስ አለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ መንደራ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ሥራዬ ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እወጣለሁ። አከራዬ እማማ አንድ ስኒ ቡና ሳልጠጣ አያስወጡኝም፤ ቁርስ ግን «የከተማ ሰው ያመጣው አመል ነው፣ እኛ ቡናችንን ጠጥተን ነበር ማሳ የምንወርደው» ይላሉ። ጓደኛዬ ደግሞ ቁርስ ማለት «ጾም መፍታት» ነው ብሎ ድርቅ አለ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እማማ ራሳቸው ከሰዓት በኋላ ቡና ሲያፈሉ «የቡና ቁርስ አምጡ» ይላሉ። በ10 ሰዓት ምን ቁርስ አለ? ለመሆኑ ቃሉ ምን ማለት ነው? ቁርስ መብላትንስ ማን ጀመረው? (ከመንደራ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከእማማ የቡና ቁርስ ልጀምር። መልሱ ያለው እዚያ ነው።

የጓደኛህ ትርጉም ውሸት አይደለም፣ ግን የእንግሊዝኛው ነው። «ብሬክ» መስበር፣ «ፋስት» ጾም፤ ሌሊቱን ሳይበሉ ያደሩበትን ጾም መስበር። ቃሉ በጽሑፍ የታየው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የስፓኒሹ «ደሳዩኖ»ም እንደዚያው ነው። የኛ ቃል ውስጥ ግን ጾም የሚባል ነገር የለም። ሥሩ ቆረሰ ነው። ከቆረጠ ቁርጥ እንደሚወጣ ሁሉ ከቆረሰ ቁርስ ይወጣል፤ ከዳቦው ወይ ከቂጣው በእጅ የተገመሰችው ቁራሽ ማለት ነው። ስለ ጾም መናገር ከፈለግን መች ቃል ጠፋን? በፋሲካ ሌሊት እንፈስካለን። ጾሙ ሳያልቅ የበላ ገደፈ ይባላል። በረመዳን ጀንበር ስትጠልቅ ሰው ያፈጥራል። አንዱንም ቁርስ አላልነውም።

ስለዚህ እማማ አልተሳሳቱም። ቁርስ በስሙ ሰዓት አልተጻፈበትም። ከቡናው ጋር የምትቀርበው ትንሿ ነገር፣ ዳቦም ትሁን ቂጣ፣ በእኛ አገር ደግሞ ቅቅል ጎደሬም ትሁን፣ ጠዋትም ከሰዓትም ቁርስ ናት። ቆሎና ፈንዲሻማ ጭራሽ አይቆረሱም፣ ግን ስሙን ተሸክመው ይዞራሉ።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሐሙስ ጠዋት፣ በገበያው ቀን፣ መርካቶ አጠገብ አንዲት ጠባብ ቁርስ ቤት ገብቼ ነበር። ጨጨብሳ አዘዝኩና ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ቂጣውን ከምጣዱ እንዳወጣችው፣ ገና እንፋሎቱ እየወጣ፣ በሁለት እጇ መቆራረስ ጀመረች። ይፋጃል። ሁለት ሦስቴ ከቆረሰች በኋላ ጣቶቿን እፍ ትላለች፣ ጆሮዋን ትነካለች፣ ትመለሳለች። «በቢላ አይሻልም?» አልኳት። «በቢላማ ቅቤው አይገባለትም፤ ጠርዙ ሻካራ ካልሆነ ምኑን ይጠጣዋል?» አለችኝ፣ ቀና እንኳን ሳትል። ከዚያ የቀለጠ ቅቤ በበርበሬ፣ ማሸት፣ ከላይ ማር። መቆረስ የሚለው ነገር መዝገበ ቃላት ውስጥ ሳይሆን እዚያ ሳህን ውስጥ ነበር።

አጠገቤ የነበረው ሰው ፈጢራ በእንቁላል ነበር ያዘዘው። ይሄ ቃል ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፣ ትንሽ ታገሰኝ። ፈጢራ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ያልቦካ ሊጥ ከሚለው። የዓረቦቹ ቁርስ «ፉጡር»፣ የረመዳኑ «ኢፍጣር»፣ የበዓሉ «ዒድ አልፈጥር» ሁሉም ከፈ፣ ጠ፣ ረ ነው የሚወጡት። በዓረብኛ ሥሩ መሰንጠቅ፣ መጀመር፣ መፍጠር የሚል ትርጉም አለው። አዎ፣ የኛው ፈጠረ፣ ፈጣሪ የሚለው ዘመዱ ነው። የጓደኛህን ሐሳብ በቅርብ ከፈለግነው እንግዲህ የምናገኘው ከፈጢራው ዘንድ ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ቁርሶች ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ ዳቦ ከመቁረስ የመጣውና የጾም መፍታት ዘመድ የሆነው።

ማን ጀመረው ላልከው፣ ጠዋት መብላትን ጀማሪ አይፈለግለትም። ሮማውያን ጠዋት ዳቦ በጨው፣ አንዳንዴም በአይብና በወይራ ይቀምሱ ነበር። ስሙንም «የንታኩሉም» ብለውታል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ግን ዋናው ምግብ በቀን ሁለቴ ነበር፤ በማለዳ የሚበሉት ሕፃናት፣ ሽማግሌዎች፣ ሕመምተኞችና የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ። ጨዋ ነኝ የሚል ሰው በማለዳ ሲበላ መታየት ብዙም አይወድም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኲናስ የሚባል የካቶሊክ መነኩሴና የሃይማኖት ሊቅ የሆዳምነት ዓይነቶችን ሲዘረዝር ያለጊዜው ቸኩሎ መብላትን አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ይሄን ለኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በየረቡዑና በየዓርቡ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ቁርስ የሕፃናት ነገር መሆኑን ያውቃል።

አውሮፓን የቀየረው ትኩስ መጠጥ ነው። ቡና፣ ሻይና ቸኮላት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲስፋፉ ጥያቄ ተነሣ፤ ይሄ ነገር ጾም ይገድፋል ወይስ አይገድፍም? ብራንካቾ የሚባል ካርዲናል በ1660ዎቹ ቸኮላት ጠጥቶ መጾም ይቻላል፣ ፈሳሽ ጾም አይሽርም ብሎ ተከራከረ። (የኛ አባቶች ቢሰሙት! እኛ ዘንድ ውኃም አይቀመስ።) እንዲህ እንዲህ እያለ የጠዋቱ ስኒ ቦታውን ያዘ፣ ዳቦውም ተከተለው።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። ቁርስ ከከተማ የመጣ አመል ነው ማለታቸው ግማሹ እውነት ነው። ሰዓት ጠብቆ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ፉልና እንቁላል ብሎ አዞ መብላት ከቢሮና ከትምህርት ቤት ሰዓት ጋር የመጣ የከተማ ነገር ነው። ግን ያ ቡና ከየት ሄደ? ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ተነሥቶ በየመን በኩል አይደል ዓለምን የዞረው? ፈረንጁ ጠዋቱን የገነባው በእማማ ቡና ነው፤ ይሄን ንገርልኝ። ደግሞ የዱሮው ቡናቸው በጨውና በቅቤ ከነበረ፣ እሳቸው «ቁርስ አልበላንም» ቢሉም ሆዳቸው በልቷል።

ጥያቄ፦ ልጄ 7ኛ ክፍል ነው። ጠዋት አፉን ሳያሟሽ ይወጣል። አስተማሪው «ከምግብ ሁሉ ዋናው ቁርስ ነው» ብሎኛል። እውነት ነው ወይስ የንግድ ወሬ? (ከሄርማታ፣ እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለበት። አባባሉን በሰፊው ያስተዋወቀችው ሌና ኩፐር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1917 «ጉድ ኸልዝ» በሚባል መጽሔት ላይ ቁርስ በብዙ መልኩ የዕለቱ ዋና ምግብ ነው ብላ ጻፈች። የመጽሔቱ አዘጋጅ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዶክተር ጆን ኬሎግ። ሱፐርማርኬት ውስጥ በካርቶን የሚሸጠውን ኮርንፍሌክስ ያውቁታል፤ እሱና ወንድሙ ናቸው ያመጡት፣ ወንድሙም በ1906 ኩባንያ አቋቁሞበታል። በ1920ዎቹ ደግሞ ኤድዋርድ በርኔይስ የሚባል የማስታወቂያ ሰው የአሳማ ሥጋ ለሚሸጥ ድርጅት ሲሠራ፣ ለሐኪሞች ደብዳቤ አስልኮ «ቀለል ያለ ቁርስ ይሻላል ወይስ ከበድ ያለ?» ብሎ አስጠየቀ። ከበድ ያለ አሉ። ጋዜጦች አወጡት፣ ሥጋውም ተሸጠ።

ነጋዴ ስላወራው ግን ልጁ በባዶ ሆዱ እስከ 6 ሰዓት ይቆይ አልልም። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሆዱ ሲጮህ ጥቁር ሰሌዳው አይታየውም። መጀመሪያ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚበላ ይዩ። በ3 ሰዓት ተኩል እራት የበላ ልጅ ጠዋት በ1 ሰዓት ባይርበው አይፍረዱበት። እራቱን ትንሽ ቀደም ያድርጉት። ካልሆነም አያስገድዱት፣ በዕረፍት ሰዓት የሚበላትን ቁራሽ ይሰሩለት። ዳቦ በቅቤ፣ ቅቅል እንቁላል ወይ ጨጨብሳ። ጨጨብሳ ከሆነ ማሩን በትንሽ ብልቃጥ ለብቻው ያድርጉለት። እኔ 5ኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ከላይ አፍስሳ ሰጥታኝ፣ እስከ ዕረፍት ሰዓት የሒሳብ ደብተሬን ጉንዳን ወርሶት ነበር።