ከድሬዳዋና ከሐረር የት ልደር?

ሐረር ይደሩ። ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ደርሰው በዚያው ምሽት ሐረር ላይ የጅብ ምገባውን ለማየት ካሰቡ፣ ድሬዳዋ ክፍል መያዝ ትርፉ ድካም ነው። ጅቦቹ የሚመገቡት ከመሸ በኋላ ነው። ከዚያ 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨምሮ፣ በጨለማ ሊመለሱ ነው? ሚኒባሱም ቀን እንደ ልብ ይገኛል፤ ሲመሽ ግን አይተማመኑበት።

እንቅልፉም ይለያል። ድሬዳዋ ያለ ማራገቢያ አያስተኛም፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ማራገቢያውም የለም። ሐረር ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ብርድ ልብስ ያስፈልግዎታል።

በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ቤቶች አሉ፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ መደቡ ምንጣፍ ለብሷል፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን አጊጧል። እኔ ከሆቴል እነሱን እመርጣለሁ። መታጠቢያው የጋራ መሆን አለመሆኑን ግን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ትልቅ ሻንጣ ይዞ በጠባቡ መተላለፊያ መግባትም አበሳ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የትም ቢያርፉ፣ ከመክፈልዎ በፊት ቧንቧውን ከፍተው ይዩ። አንድ ሆቴል «ውሃ 24 ሰዓት አለ» ተብዬ ከፍዬ ስገባ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የጠበቀኝ ቢጫ ጀሪካን ከነጣሳው ነበር። ጣሪያው ላይ ታንከር ካለም፣ መሙላቱን ይጠይቁ።