ታሪክ ተምሬ የት ልግባ?

አንዲት እኅታችን ከደብረ ማርቆስ ጽፋልኛለች። በታሪክ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ስለ ጎጃም ታሪክና ቅኔ በሚታተሙ ጥናታዊ መጻሕፍት ላይ መሥራት ትፈልጋለች። ቤተሰቦቿ ግን «ይልቅ አካውንቲንግ ተማሪ» እያሉ አስጨንቀዋታል። «ዲግሪዬ ከንቱ ነው ወይ?» ትላለች።

እኅቴ፣ ከንቱ አይደለም። ብዙዎች ወደዚህ ሙያ ሲመጡ መጽሐፍ መጻፍን ነው የሚያስቡት። የመግቢያው በር ግን ሌላ ሰው የጻፈውን ረቂቅ ለኅትመት ማድረስ ነው። የአገሩን ስም፣ ማዕረግና ዘመን አበጥሮ የሚያውቅ አርታኢ ሲፈለግ አይገኝም።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይሽ። አንድ ጊዜ የአንድ ጥናት ረቂቅ እጄ ገባ። መጠቁሙ ላይ፣ ማለትም ከመጽሐፉ መጨረሻ ስሞችን ከነገጻቸው የሚዘረዝረው ክፍል ላይ፣ ራስ አዳል አንድ ቦታ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሌላ ቦታ ተቀምጠዋል። አንቺ የጎጃም ልጅ ነሽ፤ አንድ ሰው መሆናቸውን ታውቂያለሽ። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ሲነግሡ ነው ተክለ ሃይማኖት የተባሉት። እዚያው ረቂቅ ላይ የሰገሌ ጦርነት በ1908 ዓ.ም. ተደረገ ይላል። ጸሐፊው ከፈረንጆቹ 1916 ላይ ስምንት ቀንሶ ነው። ጦርነቱ ግን የተደረገው ጥቅምት 17 ቀን ነው። ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ የሚቀነሰው ሰባት ነው። ስለዚህ 1909 ነው። በአንድ ቁጥር ስሕተት አንባቢ በጠቅላላው መጽሐፉ ላይ እምነት ያጣል።

ፊደሉም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «ኃይሉ» አንዱ ገጽ ላይ በኃ፣ ሌላው ላይ በሀ ከተጻፈ መጠቁሙ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል።

አሁን ይህን አድርጊ። መጠቁም የሌለው አንድ ጥናታዊ መጽሐፍ ፈልጊ። ሠላሳ ገጽ ብቻ ውሰጂ። የሰውና የቦታ ስሞችን ልቀሚ፣ ቀኖቹን አንድ በአንድ አመሳክሪ፣ ያገኘሽውን ስሕተት ከነገጹ ጻፊ። ያ ወረቀት ከሲቪሽ ይልቅ ይናገርልሻል። ለደራሲው፣ ለዩኒቨርሲቲ መምህራንሽ፣ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስም ላኪው። አዲስ አበባ ከመጣሽ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሳታዪ እንዳትመለሺ። ተቋሙ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ስለየአካባቢው ታሪክ የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችን እዚያ ታገኛለሽ። ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም አለ።

ቅኔውን ደግሞ አደራ። አጥኚዎች ሰሙን ተርጉመው ወርቁን ሲጥሉት አይቻለሁ፤ ያንገበግበኛል። ቅርብሽ ያሉ የቅኔ መምህር ዘንድ ሄደሽ አንድ ጉባኤ ቃና (ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ) ከነሰምና ወርቁ አስፈቺ። ቤትሽ ደጃፍ ያለ ዕውቀት ነው፤ አዲስ አበባ ያለ አርታኢ እንዲህ በቀላሉ አያገኘውም።

የቤተሰቦችሽን ስጋት ግን አልንቀውም። ይህ ሥራ ባብዛኛው በመጽሐፍ ልክ የሚከፈልበት ነው፤ የወር ደመወዝ ያለው ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ደመወዝ ያለው ሥራ ካገኘሽ ያዢው፣ አርትዖቱን በማታና በቅዳሜ ሥሪ። ሁለት ሦስት መጽሐፍ ላይ ስምሽ ከወጣ በኋላ ከቤተሰቦችሽ ጋር እንደገና ተነጋገሩ። ሠላሳውን ገጽ ስትጨርሺ መጀመሪያ ለእኔ ላኪልኝ፣ አይቼ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ።